ለአሻንጉሊት ልብስና ለጣት አሻንጉሊት የኪሮሽ ሥራ፦ ከልኬት እስከ መጨረሻው ክር

የኪሮሽ ሥራ የለመደ እጅ ከመዳፍ የማትበልጥ የአሻንጉሊት ቀሚስ ልታስቸግረው እንደምትችል አይጠረጥርም። የአልጋ ልብስና የጠረጴዛ ዳንቴል ለጨረሰ ሰው ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ሥራው ባነሰ መጠን ስሕተቱ ይገዝፋል። በአዋቂ ሹራብ ላይ ሁለት ቋጠሮ ቢተርፍ ማንም አያየውም፤ በ34 ቋጠሮ ደረት ላይ ግን ሁለት ቋጠሮ ቀሚሱ ከኋላ እንዳይዘጋ ወይም ከትከሻ ላይ እንዲንሸራተት ያደርጋል። እኔም የመጀመሪያዋን ቀሚስ ሳልለካ በግምት ሠርቼ ስጨርስ አንገቱ የአሻንጉሊቷን ራስ አላሳልፍ ስላለኝ፣ ሙሉውን ተርትሬ በሜትር ለክቼ እንደ አዲስ ጀምሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ መርፌ አላነሣም።

በዚህ መመሪያ ቁመቷ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ለሆነች ቀጭን አሻንጉሊት የሚሆን ቀሚስና ባርኔጣ፣ ከዚያም አንበሳ የሆነ የጣት አሻንጉሊት፣ በመጨረሻም ሙሉ እጅ የሚገባበት አሻንጉሊት እንዴት እንደሚሠራ ደረጃ በደረጃ ተጽፏል። ሰንሰለት መሥራትና ክር መያዝ የሚያውቅ ሰው ሊከተለው ይችላል።

ክሩና መርፌው

ልብስና አሻንጉሊት የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ቋጠሮ ቢሆንም የሚፈልጉት ግን ተቃራኒ ነገር ነው። ልብስ ለስላሳ ሆኖ በአካሉ ላይ መውረድ አለበት፤ አሻንጉሊት ደግሞ ጠንከር ብሎ ቅርጹን መያዝና በውስጡ የተጠቀጠቀውን ጥጥ መደበቅ አለበት። ስለዚህ አንዱን ክር ለሁለቱም መጠቀም ይቻላል፤ መርፌው ግን ይለያያል። ለልብሱ በክሩ መለያ ወረቀት ላይ የተጻፈውን የመርፌ ቁጥር ይከተሉ፤ ለአሻንጉሊቱ ከዚያ ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር ያነሰ መርፌ ይያዙ። ከሌላው ሥራ ወደዚህ የሚመጡ ሰዎች በብዛት የሚስቱት ይህንን ነው፤ በላላ ቋጠሮ የተሠራ አሻንጉሊት ገና ሳያልቅ ጥጡ በየቀዳዳው ብቅ ይላል፣ በጠበቀ ቋጠሮ የተሠራ ቀሚስ ደግሞ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ለዚህ ሥራ የምመርጠው ቀጭን የጥጥ ክር ነው። 50 ግራም የሚመዝነው ጥቅል ከ125 እስከ 170 ሜትር የሚረዝም፣ ከ2.5 እስከ 3 ሚሊሜትር መርፌ የሚስማማው ዓይነት ይበቃል፤ አንዲት ቀሚስ የጥቅሉን ግማሽ እንኳ አትፈጅም። ጥጥ ብዙ አይለጠጥም፣ ቋጠሮው ጎልቶ ስለሚታይ ለመቁጠር ይመቻል፣ ሲታጠብም ቅርጹን ይጠብቃል። አክሪሊክ ክር ርካሽና ቀላል ነው፤ ለእጅ አሻንጉሊት ጥሩ ነው፣ ለቀሚስ ግን ወፍራም ሆኖ ይበዛል። ጠጉር የሚበትን ክር፣ ለምሳሌ ሞሄር፣ ልጅ ወደ አፉ ለሚያስገባው ነገር ፈጽሞ አይሆንም። ጥቁር፣ ቀይ ወይም ጥቁር ሰማያዊ ክር ሲገዙ ደግሞ ቁራጩን አርጥበው በነጭ ጨርቅ ላይ ይጫኑት። ቀለም ከለቀቀ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ገላ ላይ የማይለቅ እድፍ ይተዋልና ክሩን ለሌላ ሥራ ያቆዩት።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልጉት የ2.5 እና የ2 ሚሊሜትር መርፌ፣ ጫፉ ድንዝዝ የሆነ ሰፊ ቀዳዳ ያለው የስፌት መርፌ፣ የልብስ ስፌት ሜትር፣ መቀስ፣ ተጭኖ የሚገጠም ትንሽ ቁልፍና መጠቅጠቂያ የፖሊስተር ጥጥ ናቸው። ለምልክት ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር ይበቃል።

በዚህ መመሪያ የምንጠቀምባቸው ቃላት

በኪሮሽ ሥራ ላይ የአማርኛ ስያሜ ከቤት ቤት ስለሚለያይ፣ እዚህ የምጽፈውን ቃል በምን ትርጉም እንደተጠቀምሁበት ማስቀደም ያስፈልጋል።

ሸምቀቆ የምለው ሥራው የሚጀመርበትን፣ ሲሳብ የሚጠብቀውን የመጀመሪያ ቋጠሮ ነው። ሰንሰለት ክሩን በመርፌው ላይ አዙሮ በቀለበቱ ውስጥ አንድ ጊዜ በማሳለፍ የሚገኘው ነው። አጭር ቋጠሮ ሲሠራ መርፌው ወደ ቋጠሮው ይገባል፣ ክር ስቦ ይወጣል፣ በመርፌው ላይ ሁለት ቀለበት ይሆናል፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ክር አዙሮ በሁለቱም ውስጥ ማለፍ ነው። ለረጅም ቋጠሮ መርፌው ከመግባቱ በፊት ክር አንድ ጊዜ ይዞርበታል፤ ሲወጣ ሦስት ቀለበት ይኖራል፣ ሁለት ሁለቱን በሁለት ጊዜ ማሳለፍ ነው። መካከለኛ ቋጠሮ እንደ ረጅሙ ይጀመርና ሦስቱ ቀለበቶች በአንድ ጊዜ ይታለፋሉ። ማያያዣ ቋጠሮ ደግሞ መርፌው ገብቶ የሳበውን ክር በቀጥታ በመርፌው ላይ ባለው ቀለበት ውስጥ ማሳለፍ ነው፤ ቁመት የለውም።

ጭማሪ ማለት በአንድ ቋጠሮ ላይ ሁለት አጭር ቋጠሮ መሥራት፣ ቅነሳ ማለት ሁለት ቋጠሮዎችን አንድ አድርጎ ማሰር ነው። በአሻንጉሊት ላይ ቅነሳው እንዳይታይ ከፈለጉ፣ መርፌውን በሁለቱ ቋጠሮዎች የፊት ክር ብቻ ተራ በተራ አስገብተው አንድ ጊዜ ክር ይሳቡ፤ ከዚያ እንደ ተለመደው አጭር ቋጠሮ ይጨርሱ። ልዩነቱ በዓይን በግልጽ ይታያል።

በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ንድፍ ለሚከተል ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የአሜሪካኖቹ ሲንግል ክሮሼ የእንግሊዞቹ ደብል ክሮሼ ነው፤ እኛ አጭር ቋጠሮ ያልነው ማለት ነው። ንድፉ የየትኛው አገር እንደሆነ ሳይጣራ ከተጀመረ የሥራው ቁመት ከታሰበው ተለይቶ ይወጣል።

ልኬት

አሻንጉሊቷን ያለ ልብስ ያቁሙና በአንገቷ ሥር፣ በደረቷ፣ በወገቧና በዳሌዋ ዙሪያ፣ በክንዷ ላይኛ ክፍልና በራሷ ዙሪያ ይለኩ። የስፌት ሜትሩ ለቀጭን ክንድ ስለሚያስቸግር ክር ጠምጥሞ ክሩን በማስመሪያ መለካት ይሻላል። ከትከሻ እስከ ወገብ ያለውንም ርዝመት ይጻፉ። በምሳሌነት የምከተላት አሻንጉሊት በአንገቷ ሥር 8፣ በደረቷ 13፣ በወገቧ 9፣ በዳሌዋ 13፣ በክንዷ 5፣ በራሷ ዙሪያ ደግሞ 12 ሳንቲሜትር ናት።

ቀጥሎ የእጅዎን መጠን ይወቁ። በ2.5 ሚሊሜትር መርፌ 15 አጭር ቋጠሮ ያለበት 15 ረድፍ ይሥሩና በመካከሉ 4 ሳንቲሜትር ውስጥ ስንት ቋጠሮ እንደገባ ይቁጠሩ። የዚህ መመሪያ ቁጥሮች በሙሉ የተሰሉት በ4 ሳንቲሜትር 10 ቋጠሮና 10 ረድፍ ማለትም በአንድ ሳንቲሜትር 2.5 ቋጠሮ ነው። የእርስዎ 11 ወይም 12 ከሆነ እጅዎ ስለሚጠብቅ መርፌውን በግማሽ ሚሊሜትር ከፍ ያድርጉት፤ 8 ወይም 9 ከሆነ ዝቅ ያድርጉት። ክሩን በጣት ላይ አጥብቆ ወይም አላልቶ መጠኑን ለማስተካከል መሞከር አይበጅም፤ ሥራው ሲረዝም እጅ ወደ ለመደው ይመለሳል፣ ቀሚሱም ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ ሆኖ ያልቃል።

አሻንጉሊትዎ ከምሳሌዋ የምትለይ ከሆነ ልኬቱን በሳንቲሜትር በ2.5 ያባዙት፤ የሚፈለገው የቋጠሮ ብዛት ያ ነው። በዚህ ላይ ከኋላ ለመደራረቢያ ሁለት ቋጠሮ ይጨመራል። የአሻንጉሊት ራስ ከአንገቷ ብዙ ስለሚሰፋ ቀሚሱ ከኋላ ክፍት መሆኑ ግድ ነው።

ቀሚሱ

ቀሚሱ ከአንገት ተጀምሮ ወደ ታች ይሠራል። ይህን አካሄድ የምመርጠው በየደረጃው አሻንጉሊቷ ላይ እየለኩ መቀጠል ስለሚያስችልና ርዝመቱን በመጨረሻ ላይ መወሰን ስለሚቻል ነው። በአጭር ቋጠሮ በሚሠሩት ረድፎች መጨረሻ ላይ አንድ ሰንሰለት ሠርተው ሥራውን ያዙሩ፤ ይህች ሰንሰለት እንደ ቋጠሮ አትቆጠርም።

ረድፍ 1፦ 21 ሰንሰለት ይሥሩ። ከመርፌው ሁለተኛው ሰንሰለት ጀምረው በእያንዳንዱ ላይ አንድ አጭር ቋጠሮ ይሥሩ። 20 ቋጠሮ ይሆናል። አሁን ሥራውን በምልክት ክር ለአምስት ይክፈሉት፦ 3 ለአንዱ የጀርባ ግማሽ፣ 4 ለእጅጌ፣ 6 ለፊት፣ 4 ለሌላው እጅጌ፣ 3 ለሌላው የጀርባ ግማሽ።

ረድፍ 2፦ ከእያንዳንዱ ምልክት በፊት ባለችው የመጨረሻ ቋጠሮና ከምልክቱ በኋላ ባለችው የመጀመሪያ ቋጠሮ ላይ ጭማሪ ይሥሩ፤ ሌላውን አንድ በአንድ። አራት ምልክት ስላለ 8 ቋጠሮ ተጨምሮ 28 ይሆናል፦ 4፣ 6፣ 8፣ 6፣ 4።

ረድፍ 3፣ 4 እና 5፦ እንደ ረድፍ 2። ቁጥሩ በተከታታይ 36፣ 44 እና 52 ይሆናል። በረድፍ 5 መጨረሻ ክፍሎቹ 7፣ 12፣ 14፣ 12፣ 7 ካልሆኑ ወደ ፊት አይሂዱ፤ ተርትሮ ማስተካከል እዚህ ላይ የሦስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ረድፍ 6፦ ያለ ጭማሪ 52።

ረድፍ 7፦ እጅጌዎቹ የሚለዩበት ነው። 7 አጭር ቋጠሮ፣ 3 ሰንሰለት፣ 12 ቋጠሮ ይዝለሉ፣ 14 አጭር ቋጠሮ፣ 3 ሰንሰለት፣ 12 ይዝለሉ፣ 7 አጭር ቋጠሮ። ሰንሰለቶቹን ጨምሮ 34 ይሆናል። እዚህ ቆመው አሻንጉሊቷን ያልብሱ። ክንዷ በቀዳዳው ሳይጨናነቅ ካለፈና ሁለቱ የጀርባ ጠርዞች ትንሽ ከተደራረቡ ልኬቱ ትክክል ነው።

ረድፍ 8 እና 9፦ በሰንሰለቶቹም ላይ ጭምር 34 አጭር ቋጠሮ።

ረድፍ 10፦ 5 አጭር ቋጠሮ፣ ቅነሳ፣ 3፣ ቅነሳ፣ 10፣ ቅነሳ፣ 3፣ ቅነሳ፣ 5። 30 ይቀራል። ቅነሳዎቹ ከብብት ሥር ግራና ቀኝ ስለሚያርፉ ወገቡ ከጎን በኩል ይጠባል፤ ፊቱ አይጨማደድም።

ረድፍ 11፦ 30።

ረድፍ 12፦ 4፣ ቅነሳ፣ 3፣ ቅነሳ፣ 8፣ ቅነሳ፣ 3፣ ቅነሳ፣ 4። 26 ይቀራል።

ረድፍ 13፦ 26። ወገቡ ይህ ነው።

ረድፍ 14፦ ጉርዱ ይጀምራል። 3 ሰንሰለት ይሥሩና ያዙሩ፤ ይህ እንደ አንድ ረጅም ቋጠሮ ይቆጠራል። በዚያችው ቋጠሮ ላይ አንድ ረጅም ቋጠሮ ይጨምሩ፣ ከዚያ በእያንዳንዷ ላይ ሁለት ሁለት ረጅም ቋጠሮ። 52 ይሆናል።

ረድፍ 15፦ 3 ሰንሰለት፣ ከዚያ በቀሪዎቹ ላይ አንድ አንድ ረጅም ቋጠሮ፤ 52።

ከዚህ በኋላ ሥራው አይዞርም። የረድፉን መጨረሻ ከመጀመሪያው ጋር በማያያዣ ቋጠሮ አገናኝተው ክብ ያድርጉትና በ3 ሰንሰለት እየጀመሩ፣ በማያያዣ ቋጠሮ እየዘጉ ከዙር 16 እስከ ዙር 21 ድረስ 52 ረጅም ቋጠሮ ይሥሩ። የጀርባው መክፈቻ ከዳሌ በላይ ስለሚቀር ቀሚሱ ከእግር በኩል ያለ ችግር ይገባል። እያንዳንዱ ዙር ወደ 8 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚጨምር ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስ ከፈለጉ ዙሩን ይጨምሩ።

የመጨረሻው ጠርዝ እንዲህ ይሠራል፦ 1 ሰንሰለት፣ በመጀመሪያዋ ላይ 1 አጭር ቋጠሮ፣ አንዷን ይዝለሉ፣ በቀጣይዋ ላይ 5 ረጅም ቋጠሮ፣ አንዷን ይዝለሉ። ይህ አራት ቋጠሮ ስለሚወስድ በ52 ላይ 13 ጊዜ በትክክል ይደገማል፤ የጉርዱን ስፋት የሚለውጥ ሰውም ለአራት የሚካፈል ቁጥር መምረጥ ይኖርበታል።

ለእጅጌዎቹ ክሩን ከብብት ሥር ካለው ሰንሰለት መካከል ያያይዙና በቀዳዳው ዙሪያ 15 አጭር ቋጠሮ ለሁለት ዙር ይሥሩ። ከብብቱ ጥግ ላይ ብዙ ጊዜ ቀዳዳ ይቀራል፤ የተረፈውን ክር ጫፍ በዚያ አሳልፈው ይዝጉት። የአሻንጉሊቷ ጣቶች የተዘረጉ ከሆኑ ሲያለብሱ እጇን በልስልስ ወረቀት ይጠቅልሉት፤ ጣቷ በየቋጠሮው አይያዝም።

የጀርባውን ጠርዝ ከአንገት እስከ መክፈቻው ሥር በአንድ ረድፍ አጭር ቋጠሮ ያጥሩትና ተጭኖ የሚገጠመውን ቁልፍ አንዱን በአንገት፣ አንዱን በወገብ ይስፉ። ቀሚሱ ለትንሽ ልጅ ከሆነ ግን ከቁልፍ ይልቅ ቀጭን ቬልክሮ በጠንካራ ክር ደጋግሞ መስፋት ይሻላል፤ የልጅ ጣትም በቀላሉ ይከፍተዋል።

ባርኔጣው፣ የክብ ሥራም ምሥጢር

ባርኔጣም ሆነ የአሻንጉሊት ራስ የሚጀምረው ከጠፍጣፋ ክብ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው። በአጭር ቋጠሮ የሚሠራ ክብ በ6 ጀምሮ በየዙሩ 6 እንዲጨመርበት የሚደረገው በልማድ ብቻ አይደለም። የክብ ዙሪያ የራዲየሱ 6.28 እጥፍ ነው፤ አጭር ቋጠሮ ደግሞ ቁመቱና ስፋቱ ተቀራራቢ ስለሆነ ክቡ በአንድ ዙር ቁመት በሰፋ ቁጥር ዙሪያው ስድስት ቋጠሮ ያህል ቦታ ይጨምራል። ከስድስት ያነሰ ከተጨመረ ጠርዙ ወደ ላይ እየታጠፈ ጎድጓዳ ይሆናል፣ ከበዛ ይተፋፈጋል፣ እንደ ቅጠል ጠርዝም ይወዛወዛል። ረጅም ቋጠሮ ቁመቱ እጥፍ ያህል ስለሆነ በ12 ተጀምሮ በየዙሩ 12 ይጨመርበታል። ይህን የተረዳ ሰው ንድፍ ባይኖረውም የፈለገውን ቅርጽ ማውጣት ይችላል፦ ጭማሪውን መቀጠል ያሰፋል፣ ማቆም ግድግዳ ያቆማል፣ መቀነስ ይዘጋል።

ክሩን በጣት ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥመው የሚጠብቅ ክብ ያዘጋጁ፣ በውስጡ 6 አጭር ቋጠሮ ይሥሩና ጫፉን ስበው መካከሉን ይዝጉ። ቀጥሎ በሁሉም ላይ ጭማሪ (12)፤ ከዚያ አንድ ቋጠሮና ጭማሪ እየተፈራረቁ (18)፤ ሁለት ቋጠሮና ጭማሪ (24)፤ ሦስት ቋጠሮና ጭማሪ (30)። ጭማሪዎቹ በየዙሩ በአንድ መስመር ላይ ከተደራረቡ ክቡ ስድስት ማዕዘን ይሆናል፤ በአንዱ ዙር የጭማሪውን ቦታ ሁለት ቋጠሮ ያህል ካዘዋወሩት ይስተካከላል። 30 ቋጠሮ 12 ሳንቲሜትር ስለሆነ ከዚህ በኋላ ያለ ጭማሪ 7 ዙር ይሥሩ። ለባርኔጣው ጠርዝ አራት ቋጠሮና ጭማሪ (36)፣ ከዚያ አምስት ቋጠሮና ጭማሪ (42) ሠርተው በማያያዣ ቋጠሮ ዙር ይጨርሱ። ጸጉረ ብዙ አሻንጉሊት ከሆነች ከ30 ይልቅ እስከ 36 መድረስ ይኖርበታል።

የጣት አሻንጉሊት፦ አንበሳ

አሁን መርፌው 2 ሚሊሜትር ይሁን። ከዚህ ጀምሮ ዙሮቹ በማያያዣ ቋጠሮ አይዘጉም፤ እንደ ጠመዝማዛ ሳይቋረጡ ይቀጥላሉ። ስለዚህ የዙሩ መጀመሪያ የት እንደሆነ የሚያሳየው የምልክት ክር ብቻ ነውና በየዙሩ ወደ ላይ ያንሱት። በክር የሚሠሩ ጥቃቅን አሻንጉሊቶች በዓለም ላይ አሚጉሩሚ በሚለው የጃፓንኛ ስም ይታወቃሉ፤ ይህ የጠመዝማዛ አሠራር የእነርሱም የተለመደ መንገድ ነው፣ ምክንያቱም የዙር መዝጊያ ስፌት በጎናቸው አይታይም።

ለአካሉ በቢጫ ክር 6፣ ከዚያ 12 ይሥሩ። ለአዋቂ ጣት አንድ ቋጠሮና ጭማሪ እያሉ 18 ያድርሱት፤ ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ ሦስት ቋጠሮና ጭማሪ ሦስት ጊዜ በመድገም 15 ላይ ያቁሙት። በጠባቡ መርፌ 18 ቋጠሮ ወደ 6.5፣ 15ቱ ደግሞ ወደ 5.5 ሳንቲሜትር ዙሪያ ይሆናል። ከጣቱ ልኬት በአንድ ሳንቲሜትር የሚሰፋው የክሩ ውፍረት ከውስጥ ቦታ ስለሚወስድ ነው። ከዚያ ያለ ጭማሪ ለአዋቂ 15፣ ለልጅ 11 ዙር ይሥሩና በማያያዣ ቋጠሮ ይዝጉ።

ፊቱ ለብቻው ይሠራል። በቢጫ 6፣ 12፣ 18 አድርገው ክቡን ይጨርሱና ወደ ቡናማ ክር ይለውጡ። ቀለም ሲቀየር አዲሱ ክር የሚገባው የመጨረሻው ቋጠሮ ሳያልቅ ነው፤ በመርፌው ላይ ሁለት ቀለበት ሲቀር ቢጫውን ትተው በቡናማው ያሳልፉ፤ ቀለሙ በንጹሕ መስመር ይለያል። በቡናማው በአንዷ ላይ ማያያዣ ቋጠሮ፣ በቀጣይዋ ላይ 3 መካከለኛ ቋጠሮ እያሉ ዙሩን ይጨርሱ። ዘጠኝ እብጠት ያለው ጎፈር ይወጣል።

ፊቱን ወደ አካሉ ከመስፋትዎ በፊት ዓይኖቹን፣ አፍንጫውንና አፉን በጥልፍ ይሥሩ፤ የክሩ ቋጠሮ በጀርባው ተሸፍኖ ይቀራል። ዓይኖቹን በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር መካከል፣ በአራት ቋጠሮ ርቀት ያድርጓቸው። ወደ ታችና ራቅ ራቅ ብለው ከተቀመጡ ግልገል ይመስላል፣ ወደ ላይና ቀረብ ካሉ የሸመገለ አንበሳ ይሆናል። በዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። የአሻንጉሊቱ ጠባይ የሚወሰነው በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ነውና ጥቁር ክር ከማስገባትዎ በፊት በሁለት ስፒል ቦታውን ሞክረው ከሩቅ ይመልከቱት፤ ሲጨርሱ ስፒሎቹን ቆጥረው ያውጡ።

ፊቱን በአካሉ ጫፍ ላይ፣ ጎፈሩ ከላይ በአንድ ዙር ያህል እንዲያልፍ አድርገው ይስፉት። በሚሰፉበት ጊዜ በአካሉ ውስጥ ወፍራም እርሳስ ያስገቡ፤ መርፌው የኋላውን ግድግዳ አብሮ ሰፍቶ የጣቱን ቦታ እንዳይዘጋ ይከላከላል። ለእጆቹ 6 ሰንሰለት ሠርተው ከሁለተኛው ጀምሮ 5 አጭር ቋጠሮ ይሥሩና በዘጠነኛው ዙር ላይ በግራና በቀኝ ይስፉ። ከዚሁ አካል ጥንቸል ለማውጣት ጎፈሩን ትቶ 9 ሰንሰለት ላይ በተሠሩ 8 አጭር ቋጠሮዎች ሁለት ጆሮ መትከል ይበቃል።

ሙሉ እጅ የሚገባበት አሻንጉሊት

ይህ ከጣት አሻንጉሊት የሚለየው አመልካች ጣት በራሱ፣ አውራ ጣትና መካከለኛው ጣት በሁለቱ እጆቹ ውስጥ ገብተው ስለሚያንቀሳቅሱት ነው። ወፈር ያለ ክርና በሳንቲሜትር 2 ቋጠሮ የሚያወጣ መርፌ ይጠቀሙ። የመዳፍ ዙሪያ 20 ሳንቲሜትር ከሆነ 4 ይጨመርበትና በ24 ሳንቲሜትር ማለትም በ48 ሰንሰለት ይጀመራል። ሰንሰለቱ ሳይጠማዘዝ በማያያዣ ቋጠሮ ክብ ይሁንና ከእጅ አንጓ እስከ አውራ ጣት ሥር የሚደርስ 10 ሳንቲሜትር ያህል በአጭር ቋጠሮ ይሠራል።

ከዚያ ሥራውን ጠፍጣፋ አድርገው ያስቀምጡትና ለሦስት ይክፈሉት። ለአንዱ እጅ ከፊት 7 ከኋላ 7፣ ለአንገት ከፊት 10 ከኋላ 10፣ ለሌላው እጅ ከፊት 7 ከኋላ 7። እያንዳንዱ ለብቻው እንደ ቱቦ ይሠራል። እጆቹ በ14 ቋጠሮ 10 ዙር ያህል ከሄዱ በኋላ በቅነሳ ይዘጋሉ፤ አንገቱ በ20 ቋጠሮ 3 ዙር ሄዶ ክፍት ይቀራል። ቱቦዎቹ በተለያዩበት ቦታ የሚቀረውን ቀዳዳ በክሩ ጫፍ ይዝጉ።

ራሱ ከ6 ጀምሮ እስከ 48 ሰፍቶ፣ 8 ዙር ያለ ጭማሪ ሄዶ፣ በየዙሩ ስድስት እየቀነሰ 24 ይደርሳል፤ በመጨረሻ 4 ቋጠሮና ቅነሳ አራት ጊዜ ተደግሞ 20 ይሆናል። ለጣቱ ማስገቢያ ጫፉ የተዘጋ፣ 20 ቋጠሮ ያለው፣ 10 ዙር የሚረዝም ኪስ ይሥሩና በራሱ ውስጥ ያስገቡት። ጥጡን በኪሱ ዙሪያ በትንሽ በትንሹ እየበታተኑ ይጠቅጥቁ፤ በአንድ ጊዜ የገባ ጥጥ ጓል ይሠራል፣ ፊቱም ይጎብጣል። በመጨረሻ የኪሱን አፍ፣ የራሱን ቀዳዳና የአንገቱን ጠርዝ፣ ሦስቱም 20 ቋጠሮ ስለሆኑ፣ አንድ ለአንድ አገናኝተው ሁለት ጊዜ ይስፉ።

ጥንቃቄ

ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በሚሠራ አሻንጉሊትም ሆነ ልብስ ላይ ቁልፍ፣ ዶቃ፣ የፕላስቲክ ዓይንና ቃጭል አይግባ። ከኋላ በማሰሪያ የሚጠብቁት የፕላስቲክ ዓይኖችም ቢሆኑ አያስተማምኑም፤ የኪሮሽ ጨርቅ ስለሚለጠጥ ማሰሪያው በቋጠሮዎቹ መካከል ሊያልፍ ይችላል። ለዚህ ዕድሜ የሚሠሩ መጫወቻዎች የሚፈተሹበት መለኪያ ዲያሜትሩ 31.7 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ሲሊንደር ነው፤ ሳይጨመቅ ሙሉ በሙሉ በውስጡ የሚገባ ነገር ሁሉ ሕፃን ሊታነቅበት የሚችል ተብሎ ይቆጠራል። መለኪያው የሚፈትሸው ሳይጨመቅ ቢሆንም፣ የአሻንጉሊቷ ባርኔጣ ሳይቀር ተጨምቆ አፍ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል፣ የአሻንጉሊት ልብስ ለሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉ ልጆች ማቆየት ይመረጣል። ረጅም ማሰሪያ ክር በአንገት ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል ፈጽሞ ባይኖር ይሻላል፤ ዕድሜው ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን በሚተኛበት ቦታ ደግሞ ምንም ዓይነት ለስላሳ አሻንጉሊት አይቀመጥ።

የክሩን ጫፍ በ15 ሳንቲሜትር ይተዉት እንጂ አጭር አድርገው አይቁረጡት። ጫፉን በስፌት መርፌ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ፊት በቋጠሮዎቹ ውስጥ ካሳለፉ በኋላ ይቁረጡ፤ ቋጥሮ መተው ብቻ በሁለት እጥበት ይፈታል። ሲጨርሱ ጆሮውን፣ እጁንና ፊቱን አንድ በአንድ ይዘው በጉልበት ይሳቡ። በእርስዎ እጅ የላላ ስፌት በልጅ ጥርስ መፈታቱ አይቀርም።

ቀሚሱ እንዳለቀ በውኃ አርጥበው፣ በፎጣ ጨምቀው፣ በጠፍጣፋ ቦታ ላይ ጠርዙን በስፒል ወጥረው ያድርቁት፤ የጉርዱ ቅርጽ ያኔ ይወጣል። አክሪሊክ ክር ላይ ካውያ አያስነኩ፣ በሙቀት ሟሙቶ ይለጠፋል፤ ሱፍም በሙቅ ውኃ ይኮማተራል። ጥጥ የተጠቀጠቀበትን አሻንጉሊት ለብ ባለ ውኃና በሳሙና በእጅ ይጠቡት፣ ሳይጠመዝዙ በፎጣ ይጫኑት። ከላይ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እርጥበት ስለሚይዝና ስለሚሻግት፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ራሱን ጨምቀው ሲያዩት ቅዝቃዜ የማይሰማ ሲሆን ብቻ ለልጁ ይመልሱት።